የውሻ ቡድን ለረጅም ውድድር ማዘጋጀት፦ ሃንድለር ሆኜ ልጀምር ነው፣ ምን ይጠብቀኛል?

አዲስ_ገቢ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ በእሷ ሥራ ምክንያት ፌርባንክስ፣ አላስካ ከገባን ብዙ አልቆየንም። ጎረቤታችን ስሌድ (በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ) የሚጎትቱ ሠላሳ ምናምን ውሾች አሉት። ጃንዋሪ ላይ ኮፐር ቤዚን 300 በሚባለው የውሻ ስሌድ ውድድር ሊወዳደር ነው። ከዚያ በኋላ ህልሙ ትልቁ ውድድር፣ ኢዲታሮድ ነው። እኔ የማታ ሥራ ስለምሠራ ቀኔ ክፍት ነው። ባለፈው ደጅ ቆመን ስናወራ «ዘንድሮ ሃንድለር (ውሾቹን የሚንከባከብ ረዳት) ሁነኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። አሁን ሳስበው ለምኑ እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

ያደግሁት ጎንደር ነው። እኛ ቤት ውሻ ማለት ቀን የሚታሰር፣ ማታ የሚፈታ፣ ትራፊ የሚበላ የግቢ ዘበኛ ነው። ነክቼው ከገባሁ «ሂድ እጅህን ታጠብ» ነበር የምባለው። አሁን ሠላሳ ውሻ እየዘለለ ፊቴን ሊልሰኝ ነው።

እስከ ውድድሩ ድረስ ሥራው ምን ይመስላል? በየቀኑ ማስሮጥ ነው? ምን ይበላሉ? እግራቸውስ በበረዶ አይቆስልም? ባለቤቴ ደግሞ «ይኼ ነገር እንስሳ ማሰቃየት አይደለም ወይ?» ትላለች፤ መልስ የለኝም። ልጄ ግን ከአሁኑ የዝነኛውን የስሌድ ውሻ ስም፣ «ባልቶ፣ ባልቶ» እያለ ቤቱን አናውጦታል። የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ።

ኮረሪማ_ከቱሪቨርስ

እንኳን ወደ ብርዱ በሰላም መጣህ ወንድሜ። እኔ ያለሁት ቱ ሪቨርስ ነው፣ ከፌርባንክስ ወደ ምሥራቅ። እዚህ ሰፈር ከሰው ውሻ ይበዛል ብልህ ብዙም አላጋነንኩም። አንድ ግቢ ውስጥ ሃንድለር ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁንም ቅዳሜና እሁድ አልቀርም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። እነዚህን ውሾች መሮጥ የሚያስተምራቸው የለም። እሱን ይዘውት ነው የተወለዱት። አንተ የምታስተምራቸው መብላትና መተኛት ነው። ሳቅህ አይደል? ኢዲታሮድ ከአንኮሬጅ እስከ ኖም ወደ 1,000 ማይል ነው። ፈጣኖቹ ከስምንት እስከ አሥር ቀን ይፈጅባቸዋል። ከዚያ ጊዜ ውስጥ ግማሽ ያህሉ እረፍት ነው። አንድ የ24 ሰዓት እረፍት ግዴታ ነው። ዩኮን ወንዝ ላይ ስምንት ሰዓት፣ ኖም ሊደርሱ ሲሉ ዋይት ማውንቴን ላይ ደግሞ ሌላ ስምንት ሰዓት። ሌላ ቡድን እየጮኸ በአጠገቡ ሲያልፍ ጭዱ ላይ ጥቅልል ብሎ የማይተኛ ውሻ፣ ወይም ደክሞኛል ብሎ ምግቡን አሽትቶ የሚተው ውሻ፣ እግሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ሦስተኛው ቀን ላይ አለቀለት። ጎረቤትህ ጎበዝ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ይኼንን ነው።

አሁን ወደ ካላንደሩ። ኦገስት መጨረሻ ላይ በረዶ ስለሌለ ፎር ዊለር (ባለ አራት ጎማ ሞተር) ነው የሚጎትቱት። በጠዋት፣ ብርዱ ሳይለቅ። እኛ ግቢ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሞቀ ማንም አይታጠቅም። ሰው ብርዱን ይፈራላቸዋል፤ እነሱን የሚጥላቸው ግን ሙቀት ነው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማይል ብቻ፣ ቀስ ብሎ። እንጦጦ ላይ ቀስ እያሉ ረጅም የሚሮጡ አትሌቶችን አይተህ ከሆነ ነገሩ ያው ነው፤ መጀመሪያ ጅማቱና መገጣጠሚያው ይጠንክር ነው። ኦክቶበር ላይ አሥር አሥራ አምስት ይገባል። ኖቬምበር ላይ በረዶው ሲይዝ ወደ ስሌድ ትዞራላችሁ፤ ሠላሳ ማይል ይለመዳል። በየቀኑም አይደለም። ሠርተው ያርፋሉ፣ ሠርተው ያርፋሉ።

ዋናው ትምህርት ያለው ዲሴምበር ላይ ነው። ካምፕ ይወጣል። ሃምሳ ማይል ሄደው ጫካ ውስጥ ይቆማሉ፣ ጭድ ይነጠፍላቸዋል፣ ይበላሉ፣ አምስት ስድስት ሰዓት ይተኛሉ፣ ተነስተው እንደገና ሃምሳ። የመጀመሪያው ቀን ወጣቶቹ ቆመው ያድራሉ። ይጮኻሉ፣ ገመድ ያኝካሉ፣ ጎረቤታቸውን ይነካካሉ። አሮጌዎቹ ጭዱን ሁለት ጊዜ ዞረው ይጋደማሉ፣ አፍንጫቸውን በጅራታቸው ይሸፍናሉ፣ በቃ። በሦስተኛው በአራተኛው ካምፕ ወጣቱም ሲኮርጅ ታየዋለህ። እኔ ከሥራው ሁሉ የምወደው ይኼን ማየት ነው።

የአንተ ሥራ ግን አብዛኛው ይኼ አይደለም። የአንተ ሥራ አካፋና ባልዲ ነው። ጠዋትና ማታ ኩሳቸውን ትጠርጋለህ። ስትጠርግ እያየህ ጥረግ። የማን ቀጠነ? ማን ላይ ደም አለ? ማን ከትላንት ጀምሮ የለውም? ጎረቤትህ ሊጠይቅህ የሚችለው ትልቁ ጥያቄ ይኼ ነው።

ከዚያ ምግብ። በብርድ ንጹሕ ውሃ ብታቀርብላቸው ዞር ብለውም አያዩት። ስለዚህ ሥጋ በሙቅ ውሃ በጥብጠህ መረቅ ታደርገዋለህ፤ ውሃውን በሥጋው ሽታ ታጠጣቸዋለህ ማለት ነው። ማታ ደረቅ የውሻ ምግብ፣ ሥጋ፣ የዶሮ ቆዳ፣ ስብ። ድሮ የዚህ አገር ውሻ የሚያድገው በዩኮን ሳልሞን ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዓሣው ስለተመናመነ ማጥመድ ተከልክሏል። ወንዙ ዳር ያሉ የአገሩ ተወላጆች ብዙዎቹ ውሾቻቸውን የቀነሱት በዚህ ነው። የውሻ ምግብ ቦርሳ ስትሸከም ዋጋውን አትጠይቅ፣ ያምሃል።

የእግሩን ነገር ጠይቀሃል። ቡቲ ይባላል፣ የጨርቅ የውሻ ካልሲ ነው፣ በቬልክሮ የሚታሰር። ሲያዩት ቀላል ነው። በጓንት ግን አይሆንም፣ ባዶ እጅ ይፈልጋል። ውሻው አጠገብ ተንበርክከህ አንዱን እግር ታነሳለህ። በጣቶቹ መሃል የተጋገረውን በረዶ በአውራ ጣትህ ትፈለቅቃለህ። እዚያው እያለህ በጣቶቹ መሃል የቀላ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ትዳብሳለህ፤ ካለ ቅባት። ቡቲውን ታስገባለህ፣ ማሰሪያውን ከመዳፉ ከፍ አድርገህ ቀጭኑ ቦታ ላይ ትጠመጥመዋለህ። ከላላ ገና ከግቢ ሳትወጣ ይወልቃል። ከጠበቀ ደም ይይዝና እግሩ ያብጣል። አሥራ ሁለት ውሻ ካለህ 48 ቡቲ ነው። አምስተኛው ውሻ ላይ ጣትህ አይሰማህም፤ ያኔ እጅህን ብብቱ ውስጥ ትከታለህ። የውሻውን ማለቴ ነው። እሱም አይከፋውም።

ማሰሩ ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። መጀመሪያ ስሌዱ ከዛፍ ወይም ከመኪና ጋር በወፍራም ገመድ ይታሰራል፣ የበረዶ መንጠቆውም ይረገጣል። ዋናው ገመድ ይዘረጋል። ከፊት የሚመሩት ቀድመው ይታሰራሉ፣ ገመዱን ወጥረው የሚቆሙት እነሱ ናቸው። ስሌዱ አጠገብ ያሉት ጉልበተኞቹ መጨረሻ። መታጠቂያ ሲያዩ ግቢው በሙሉ ያብዳል፤ ሰው አጠገብህ ቆሞ ቢጮህ አትሰማውም። እየጎተትክ ስታመጣው ውሻውን በአንገት ማሰሪያው ይዘህ የፊት እግሮቹን ከመሬት አንሳ፣ በአራት እግሩ ከሆነ አንተን ነው የሚጎትትህ። ስሌድ ላይ የመቆም ዕድል ከደረሰህ ደግሞ አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ ብትወድቅም እጅህ እጀታውን አይልቀቅ። ቡድኑ አይጠብቅህም። በሆድህ እየተጎተትክም ቢሆን ያዝ።

ትእዛዙ ጥቂት ነው። «ጂ» ቀኝ፣ «ሃው» ግራ፣ «ዎ» ቁም፣ «ኦን ባይ» እለፈው። ያለ ልጓም፣ ያለ አለንጋ፣ በድምፅ ብቻ። እኛ ግቢ ቡችሎች በአንድ ርዕስ ነው ስም የሚወጣላቸው። አንድ ጊዜ ስም አውጪ ተባልኩና በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ አብሽና ኮረሪማ አልኳቸው። ኮረሪማ አሁን መሪ ናት። ፈረንጆቹ ስሟ አልቀና ስላላቸው «ኮሪ» ይሏታል። እኔ ሙሉ ስሟን ስጠራት ነው ጆሮዋ የሚቆመው፣ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

ለልጅህ፦ ባልቶ ጎበዝ ነው። በ1925 ኖም ከተማ ዲፍቴሪያ ገብቶ ከኔናና 674 ማይል መድኃኒቱ በቅብብሎሽ ሲወሰድ ከተማ የገባው እሱ ነው። ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የመራው ግን ቶጎ የሚባል ውሻ ነው፣ ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነበር። ስሙን አስተምረው፣ ፍርድ ይስተካከል።

ዶክተር_ከሚኒሶታ

እህታችን አብዛኛውን ነገር ብላዋለች። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው። ዱሉት ውስጥ በጆን ቤርግሪስ ውድድር ሰሞን ውሾቹን የሚያዩ ሐኪሞችን አግዤ አውቃለሁ። ጥቂት ልጨምር።

በረጅም ውድድር ላይ ያለ 25 ኪሎ ገደማ ውሻ በቀን ወደ 10,000 ካሎሪ ይፈልጋል። ይኼ የምግብ ብዛት ብቻውን አይሠራም፣ ስብ መሆን አለበት። ሰውነታቸው ስብን ለማቃጠል የተሠራ ነው። ስቡን ግን ከመኸር ጀምሮ ቀስ በቀስ ካላስለመድከው ተቅማጥ ነው ትርፉ። የውድድሩ ጧት አዲስ ምግብ አይሞከርም።

ውሃ ማነሱን ለማወቅ የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጠህ ልቀቅ። ቶሎ ካልተመለሰ አነሰው ማለት ነው። ድዱን በጣትህ ጫን አድርገህ ልቀቅ፤ ነጭ የሆነው ወዲያው መቅላት አለበት። ድዱ ከነጣብህ የጨጓራ መድማትም ሊሆን ይችላልና ዝም አትበል። ከባድ ሩጫ እነዚህን ውሾች ጨጓራቸውን ያቆስላል፤ ሐኪም የሚያዝላቸው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አለ። አደራ የምለው፣ አነከሰ ብለህ ከኪስህ ኢቡፕሮፌን እንዳትሰጥ። ለውሻ መርዝ ነው። በውድድር ላይም ሽንታቸው ይመረመራል።

ስለ ክትባት ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደሆነ አገር ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። አላስካ ውስጥም ቀበሮዎች ላይ አለ። ኢዲታሮድ ሲደርስ ደግሞ እያንዳንዱ ውሻ ደሙ ይታያል፣ ልቡ በኢሲጂ (የልብ ምት መቅጃ መሣሪያ) ይነሳል፣ ማይክሮቺፕ ይኖረዋል። እኔ ራሴ ለብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት ምርመራ ሲደረግ አላየሁም።

ታዛቢው

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም አሳምራችሁ አወራችሁ። በ40 ብርድ ውስጥ ውሻ ስሌድ እያስጎተቱ 1,000 ማይል፣ ለምን? ሰው ዋንጫ እንዲበላ። አገር ቤት አህያ ሲመታ እንቆጣለን፣ እዚህ ሲሆን ስፖርት ይባላል። ወንድሜ፣ ባለቤትህን ስማት።

ኮረሪማ_ከቱሪቨርስ

ታዛቢው፣ አልቆጣም። ባለቤቱም አንተም የጠየቃችሁት መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። በ2024 ኢዲታሮድ ላይ ሦስት ውሾች ሞተዋል። ይኼን ደብቆ ስለ ስፖርቱ የሚያወራ ሰው ካገኛችሁ አትመኑት። ውሻው የሞተበት ሰው ከውድድሩ ይወጣል፣ ከሰው ቁጥጥር ውጭ የሆነ አደጋ ካልሆነ በቀር። ሕጉ ልክ ነው፣ ግን ውሻውን አይመልስም።

እኔ ለራሴ የያዝኩት መለኪያ አለ። ሰውየው ውሻ ሲያነክስበት ምን ያደርጋል? ስሌዱ ላይ የደከመ ወይም የተጎዳ ውሻ የሚጫንበት ቦታ አለ። ጭኖ እስከሚቀጥለው ቼክ ፖይንት (የውድድሩ መቆጣጠሪያና ማረፊያ ጣቢያ) ያደርሰዋል፣ ለሐኪሞቹ ይተወዋል፣ ውሻው በትንንሽ አውሮፕላን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምትክ ግን የለም። ኖም ሲደርስ ቢያንስ አምስት ውሻ ስሌዱን እየጎተተ መሆን አለበት። ስለዚህ ጥሩ መሸር (ስሌዱን የሚነዳው ተወዳዳሪ) ዘጠነኛውን ውሻ ሲያወርድ ውድድሩን እየሸጠ ነው፣ እያወቀ። አንዳንዱ ይሸጣል፣ አንዳንዱ አይሸጥም። አዲስ ገቢ፣ ጎረቤትህን በልምምድ ላይ ይኼን እይበት። «ትንሽ ነው ያነከሰው፣ ይሞቃል» የሚል ከሆነ ኦክቶበር ላይ አመስግነህ ውጣ።

ብርዱን በተመለከተ፣ ከዜሮ በታች 40 በፋራናይትም በሴልሺየስም አንድ ነው፣ ስለዚህ መከራከር አያስፈልግም። ያን ቀን እኛ ግቢ ቤታቸው ጭድ ይጨመርለታል፣ ስብ ይጨመራል፣ አይወጡም። ሥስ ፀጉር ያላቸው ጃኬት አላቸው። ደግሞ በእነሱ ብርድ የሚያዝንላቸው ሰው አንድ ቀን መጥቶ ቤት የሚቀረውን ውሻ ይይ። አሥራ ሁለቱ ሄደው አሥራ ስምንቱ ሲቀሩ የሚሰማውን ጩኸት የሰማ ሰው ማን እንደተበደለ ግራ ይገባዋል።

ይልቅ እኔ የሚያስፈራኝ ሙስ የሚባለው ግዙፍ የአጋዘን ዓይነት ነው። ጥልቅ በረዶ ሲሆን እሱም የተጠቀጠቀውን መንገድ ነው የሚመርጠው፣ ውሻ ሲያይ ደግሞ ተኩላ ነው የሚመስለው። ፈረስ የሚያህል እንስሳ ቡድኑ መሃል ገብቶ ይረግጣል። በ2024 ኢዲታሮድ ላይ ዳላስ ሲቪ የሚባል ተወዳዳሪ መንገድ ላይ ሙስ ገጥሞት ተኩሶ ገደለ። ሕጉ ሥጋው እንዳይባክን ሆዱን አጽድተህ ሪፖርት አድርግ ይላል። በደንብ አላጸዳህም ተብሎ ሁለት ሰዓት ተቀጣ። እንደዚያም ሆኖ አሸነፈ፣ ስድስተኛ ድሉ ነበር።

አዲስ_ገቢ

እህቴ፣ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዛቢውንም አመሰግናለሁ፣ ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ከአንተ ጋር ናት። ቢሆንም የማነከሱን ነገር ስትሰማ «እሱን እያየህ ንገረኝ» አለችኝ፣ ስለዚህ ፈቃድ ተገኝቷል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ብቻ። ክፍያውስ? በውድድሩ ቀንስ እኔ የት ነኝ?

ኮረሪማ_ከቱሪቨርስ

ክፍያውን ከመጀመሪያው ተነጋገር፣ በይሉኝታ አትለፈው። በዚህ ሥራ ብዙ ግቢ የሚሰጠው ማደሪያና ምግብ ነው። ማደሪያው ደግሞ ውሃ የሌለው ጎጆ፣ ሽንት ቤቱ ውጭ። አንዳንዱ ጭራሽ «ልምድ ታገኛለህ» ይላል። አንተ ቤት አለህ፣ የማታ ሥራ አለህ። ስለዚህ በሰዓት ወይ በወር ይክፈልህ፣ ካልሆነም የምትመጣባቸው ቀኖች ይወሰኑ። ከማታ ሥራ ወጥተህ ሳትተኛ ውሻ ለማሰር አትሂድ። እንቅልፍ ያጣ ሰው መንጠቆ መርገጥ ይረሳል።

ልብስ፦ አዲስ ጃኬት ከመግዛትህ በፊት ጫማ ግዛ። ነጭ ወይ ጥቁር ትልልቅ የጎማ የወታደር ቦት አለ፣ በአየር የተሞላ፣ ሲያዩት የሚያስቅ። የባለቤትህ ሥራ ከወታደር ጋር ከሆነ በዚያ በኩል ልታገኝልህ ትችል ይሆናል። ቀጫጭን የሱፍ ጓንት ብዙ ያዝ፣ ሲረጥብ ትቀይራለህ። የግንባር መብራት ሁለት፣ ባትሪው ብብትህ ውስጥ። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምታይህ ለአራት ሰዓት ያህል ነው።

ስለ ውድድሩ ቀን። ኢዲታሮድ ቢሆን ኖሮ ከመነሻው በኋላ አንተ የለህም። የውጭ እርዳታ ክልክል ነው። ምግቡን፣ ቡቲውን፣ ሁሉንም ሳምንታት ቀድማችሁ በየቼክ ፖይንቱ በስሙ በተጻፈ ከረጢት አሽጋችሁ ትልካላችሁ። ሳሎኑ በሙሉ ከረጢት ይሆናል፣ ቅቤና ዓሣ ይሸታል። ይኼን ለባለቤትህ ቀስ ብለህ ንገራት። ደግሞ ማርች ላይ በረዶ ካጠረ መነሻው ወደ ፌርባንክስ ይመጣል፣ በ2003፣ በ2015፣ በ2017 እና በ2025 እንደዚያ ሆኗል። ያኔ ልጅህን ይዘህ መውጣት ነው።

ኮፐር ቤዚን ግን ግሌናለን አካባቢ ስለሆነ መንገድ አለው። መኪናውን የምትነዳው አንተ ነህ ማለት ነው። በሪቻርድሰን ሃይዌይ ቀስ ብለህ፣ በየአራት ሰዓቱ ገደማ ቆመህ ውሾቹን ከሳጥናቸው አውርደህ በመኪናው ዙሪያ ታስራቸዋለህ፣ ይሸናሉ፣ መረቅ ይጠጣሉ። ሃንድለር በቼክ ፖይንት ላይ የሚፈቀድለትን አስቀድመህ ደንቡ ላይ አንብብ። አታውቀውምና በደግነት አንድ ውሻ አበላለሁ ስትል ሰውየውን ልታስቀጣው ትችላለህ። እጅህን ኪስህ ከተህ መቆም ይከብዳል፣ በተለይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደክሞት ቡቲ እያሰረ ስታየው።

የአንተ የሚሆነው ቡድኑ ከሄደ በኋላ ነው። የተኙበትን ጭድ ሰብስበህ ቦታውን ማጽዳት አለብህ። መንሽ ከጎረቤትህ ጠይቅ። ከሌለው እኔ ጋ ሁለት አለ፣ አንዱን መጥተህ ውሰድ።